ስፌት ማብዛት ጥልፍን አያሳምርም

ለድርጅት፣ ለማኅበር ወይም ለትምህርት ቤት ቲሸርትና ኮፍያ በሚያሠሩ ሰዎች ዘንድ ሥር የሰደደ አባባል አለ። ደረት ላይ የተጠለፈ ዓርማ ሲሸበሸብ «ክሩ ርካሽ ነው» ይባላል፤ መፍትሔውም «ስፌቱን አብዙት» ይሆናል። የመጀመሪያው አብዛኛውን ጊዜ ስሕተት ነው፤ ሁለተኛው ግን ጉዳቱን ጭራሽ ያባብሰዋል። በብዙ አገር የማሽን ጥልፍ ዋጋ በሺህ ስፌት ስለሚተመን፣ ስፌት የበዛበት ሥራ የተሻለ መስሎ መታየቱ አይደንቅም። ዓርማ የሚሸበሸበው ግን ክር ጨርቅን ስለሚስብና ስለሚገፋ ነው፤ ስፌት በተጨመረ ቁጥር ደግሞ ይህ ኃይል ይጨምራል። ይህን ያልተረዳ አሠሪ በገዛ ገንዘቡ የራሱን ዓርማ ያስበላሻል።

የማሽኑን ታሪክ በአጭሩ እንለፈው። ስዊዘርላንዳዊው ኢዛክ ግሮብሊ እ.ኤ.አ. በ1863 በፈለሰፈው የጥልፍ ማሽን የላይኛውና የታችኛው ክር እየተቆላለፉ ጨርቁን ይይዙታል፤ የዛሬው በኮምፒዩተር የሚመራ ማሽንም ይህንኑ በደቂቃ ከ600 እስከ 1,000 ጊዜ ይደግመዋል። ዋናው ነገር ክሩ የሚሰፋው ተወጥሮ መሆኑ ነው። ውጥረቱ ሲላላ ክሩ ወደ ቀድሞ ርዝመቱ ሊመለስ ይሞክራል፤ ጫፍና ጫፉ የተያዘበትን ጨርቅም ይዞ ይሰበሰባል፣ ገመዱ ሲጎተት እንደሚጨማደድ የከረጢት አፍ። የአንድ ስፌት ስበት ከቁጥር አይገባም። ነገር ግን ቁመቱ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ በየ0.4 ሚሊ ሜትሩ ቢሞላ 50 ረድፍ ይወጣዋል፤ ሃምሳውም ጨርቁን ጎን ለጎን ይስቡታል። በኮምፒዩተሩ ላይ ክብ የነበረው ቅርጽ ጨርቅ ላይ ሞላላ ሆኖ የሚወጣው ለዚህ ነው። የቦታ ጥበት ደግሞ ይጨመርበታል። የተለመደው ባለ 40 ቁጥር የጥልፍ ክር ስፋቱ ወደ 0.4 ሚሊ ሜትር ስለሚጠጋ፣ በዚያ ርቀት ረድፎቹ ተጠጋግተው ይተኛሉ። ርቀቱን ወደ 0.3 ዝቅ ብናደርገው ረድፎቹ 67 ገደማ ይሆናሉ፤ ክሩ ግን አልቀጠነም። ቦታ ያጣ ክር ጨርቁን ወደ ዳር ይገፋል፤ የተገፋውም ጨርቅ በዓርማው ዙሪያ ይነፋል።

ጨርቁ ራሱ ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚወስነው አሠራሩ ነው። በሽመና የተሠራ ጨርቅ ድርና ማጉ ተሻግረው ስለሚያያዙ ስበቱን በተሻለ ይችላል። ቲሸርት ግን እንደ ሹራብ ከተጠላለፉ ቀለበቶች የተሠራ ስለሆነ ይለጠጣል፣ ይሰበሰባል። ስለዚህ ጎበዝ ባለሙያ ስፌት ከመጨመሩ በፊት ከጨርቁ ጀርባ የማይለጠጥ ደጋፊ ያደርጋል፤ ቀጥሎ ሳሳ ያለ የሥር ስፌት ጥሎ ጨርቁንና ደጋፊውን ያጣብቃል፤ ቅርጹንም ስበቱ የሚያጠብበውን ያህል አስቀድሞ ያሰፋዋል። ጠንካራ ግንባር ያለው ኮፍያ ደጋፊው በውስጡ ተሰፍቶለታል፤ ፈተናው ክብነቱ ነው። ስለዚህ ከመሐል ወደ ዳር፣ ከታች ወደ ላይ ይጠለፋል፤ የላላው ጨርቅ መሐል ላይ ከመታጠፍ ይልቅ ወደ ውጭ እየተገፋ ይሄዳል።

«የእኔ ዓርማ የተሸበሸበው ከታጠበ በኋላ ነው» የሚል ተከራካሪ ከፊል እውነት ይዟል። የጥጥ ጨርቅ ሲታጠብ ሊያጥር ይችላል፣ የፖሊስተር ክር ግን እምብዛም አያጥርም፤ ልዩነቱ ዓርማው ላይ ይታያል። ይህም ቢሆን ስፌት በማብዛት አይድንም፤ የማያጥረው ክር መጠን ይጨምራል እንጂ። የክር ጥራትም ዋጋ አለው፤ ፖሊስተር ክሎሪን ያለበትን ማንጪያ ይችላል፣ ሬዮን ደግሞ ሲርስ ጥንካሬው ይቀንሳል። ይህ ግን የቀለምና የመበጠስ ጉዳይ ነው። ባለሙያዎችም ቢሆኑ በአንድ ቁጥር አይስማሙም፤ 0.4 ሚሊ ሜትር መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም። ጥቁር ጨርቅ ላይ ነጭ ክር ሲጠለፍ፣ ወይም ኮፍያ ላይ ከሥሩ ስፖንጅ ተደርጎ ፊደሉ ከፍ እንዲል ሲፈለግ፣ ጠበቅ ያለ ስፌት በእርግጥ ያስፈልጋል። በእነዚህ ጊዜያት ግን የደጋፊው ጥንካሬ አብሮ ማደግ አለበት።

በአማርኛ ስማቸውን ለሚያስጠልፉ ጉዳዩ የበለጠ ይከብዳል። በባለ 40 ቁጥር ክር ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰ የላቲን ፊደል እንኳ በደንብ አይነበብም። በእኛ ፊደል «ቡ»ን ከ«ቢ» የሚለየው ቅጥያ የፊደሉ ትንሽ ክፍል ነው፤ በዚያ ቁመት ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ይወርዳል፣ ስበቱም ይውጠዋል። ስፌት ቢበዛበት ቅጥያው ከግንዱ ጋር ይደፈንና ስሙ ሌላ ስም ይሆናል። መፍትሔው ፊደሉን ማተለቅ፣ ቀጭን ባለ 60 ቁጥር ክር መጠቀምና ረድፎቹን ማሳሳት ነው። ስለዚህ አሠሪ «ስንት ሺህ ስፌት አለው?» ከማለት ይልቅ ዓርማው ለየትኛው ጨርቅ እንደተዘጋጀ ይጠይቅ፤ ለቲሸርት የተሰናዳው ለኮፍያ እንዳይገለበጥበትም ይጠንቀቅ፤ በዚያው ጨርቅ ላይ ተጠልፎ የታጠበ ናሙና ሳያይም ቀብድ አይክፈል።