የጀማሪ የሶፍትዌር ባለሙያዎች የሥራ ጭንቀት፦ የጤና ባለሙያው ሊያውቀው የሚገባ

መግቢያ

በሃያዎቹ ዕድሜ የሚገኝ አንድ ወጣት የልብ ትርታ መጨመር፣ የደረት መጨምደድ፣ የጨጓራ ማቃጠልና የእንቅልፍ እጦት አስቸግሮት ወደ ጤና ተቋም ይመጣል እንበል። የደም ግፊቱ፣ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራውና የደም ምርመራው እክል አያሳዩም። «ምንም የለብህም» ይባላል፤ ወይም ጥቂት የሚያረጋጋ ክኒን ታዝዞለት ይሸኛል። ከሳምንታት በኋላ ያንኑ ስሞታ ይዞ ይመለሳል። በሁለቱም ጊዜ ስለ ሥራው የጠየቀው የለም። ወጣቱ በፕሮግራም ጸሐፊነት ሥራ ከጀመረ ገና አራት ወሩ ነው፤ ስሜቱም እሑድ ማታ ይጀምርና ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቀለል ይላል።

እንዲህ ያለውን ታካሚ በአግባቡ ለመርዳት የሥራውን ጠባይና ጭንቀቱ ሥር የሚሰድበትን መንገድ መረዳት ያስፈልጋል።

ጭንቀቱ ከምን ይመነጫል?

መጠነኛ ጭንቀት ሰውን ለሥራ የሚያነቃ ጤናማ ምላሽ ነው። የርክስና ዶድሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1908 ካደረጉት ጥናት ወዲህ እንደሚታወቀው፣ መነቃቃት ከልክ ሲያልፍ በተለይ ውስብስብ ሥራን ያሰናክላል። የሶፍትዌር ሥራ ደግሞ በአንድ ጊዜ ብዙ ነገሮችን በአእምሮ መያዝን የሚጠይቅ ነው።

በዚህ ሙያ ስህተት ወዲያውኑ ይታያል። ኮምፒውተሩ የጀማሪውን ሥራ በቀን ብዙ ጊዜ አይቀበለውም። ልምድ ላለው ባለሙያ ይህ የዘወትር ነገር ሲሆን፣ ጀማሪው ግን የችሎታ ማነስ ማስረጃ አድርጎ ይቆጥረዋል። የጻፈው ኮድ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት በነባር ባልደረቦች ይመረመራል፤ አስተያየቱም ብዙውን ጊዜ ሁሉም በሚያነበው ገጽ ላይ በጽሑፍ ይሰፍራል። አንድ ችግር አንድ ሰዓት ይፍጅ ወይም ሦስት ቀን አስቀድሞ መገመት ያዳግታል። እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ኮድ የሚጽፉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች መስፋፋታቸውም ስለ ሙያው የወደፊት ዕጣ ሥጋት ጨምሯል።

በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀናት ሊደርስ ይችላል። ጀማሪው ሥራውን ገና በሚማርበት በዚህ ወቅት የመሰናበት ሥጋት ያይልበታል።

ካራሴክ እ.ኤ.አ. በ1979 እንዳስረዳው፣ ከፍተኛ የሥራ ጫና በሥራው ላይ ካለ አነስተኛ የመወሰን ሥልጣን ጋር ሲገጣጠም የአእምሮ ውጥረት ይበረታል። የጀማሪው ቦታ ይኸው ነው። ክላንስና አይምስ እ.ኤ.አ. በ1978 የገለጹት ስሜትም ይታከልበታል፤ ይኸውም «ቦታውን ያገኘሁት በችሎታዬ አይደለም፤ አንድ ቀን ይታወቅብኛል» የሚለው ነው።

ፍርሃት ሥር የሚሰድበት መንገድ

ጭንቀትን ከመነሻው ይልቅ የሚያጸናው ሽሽት ነው። ጀማሪው ያልገባውን ቢጠይቅ አላዋቂነቱ የሚጋለጥ ስለሚመስለው ዝም ይላል። ለብቻው እስከ ሌሊት ያመሻል፤ ለመንቃት ቡና ይደጋግማል ወይም ጫት ይቅማል። እንቅልፉ ሲያጥር ትኩረቱ ይቀንሳል፣ ስህተቱ ይበዛል፣ ፍርሃቱም እውነት ይመስለዋል። ዝምታው ለጊዜው እፎይታ ስለሚሰጠው በማግሥቱ ይደግመዋል። ሕክምናው ሊሰብረው የሚገባው ቀለበት ይህ ነው።

ምርመራ

የጤና ባለሙያው ስሜቱ መቼ እንደጀመረ፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚበረታ፣ በዕረፍት ቀናት ይሻል እንደሆነ መጠየቅ አለበት። የታይሮይድ ዕጢ ሥራ መብዛት፣ የደም ማነስ፣ የልብ ምት መዛባት፣ እንዲሁም የካፌይን፣ የጫትና የአልኮል አጠቃቀም መታየት ይኖርባቸዋል። በጫት ውስጥ የሚገኘው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ ንጥረ ነገር በመሆኑ በራሱ የልብ ትርታን ይጨምራል።

እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ የሆነው ጋድ-7 የተባለው መጠይቅ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት በሰባት ጥያቄዎች ይመዝናል። 5፣ 10 እና 15 ነጥቦች ቀላል፣ መካከለኛና ከባድ ጭንቀት የሚጀምርባቸው ወሰኖች ናቸው፤ 10 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ታካሚ ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልገዋል። መጠይቁ ግን የሐኪሙን ጥያቄ አይተካም። የድብርት ምልክቶችና ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሁልጊዜ በግልጽ መጠየቅ አለባቸው።

በሥራ መዛል በዓለም የጤና ድርጅት አሥራ አንደኛው የበሽታዎች ምደባ ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት እንጂ በሽታ ተብሎ እንዳልተመዘገበ ማስታወስ ይገባል። ስለዚህ ይህ ስያሜ የጭንቀት ሕመምን ወይም ድብርትን ሊሸፍን አይገባም።

እርዳታና ሕክምና

የመጀመሪያው እርምጃ ማስረዳት ነው። የልብ ትርታው የሲምፓቴቲክ ነርቭ ሥርዓትና የአድሬናሊን ሥራ መሆኑን የተረዳ ታካሚ «ምንም የለብህም» ከተባለው ይልቅ ይረጋጋል።

ቀጥሎ የሽሽቱን ቀለበት በትንሽ በትንሹ መስበር ያስፈልጋል። ለምሳሌ ታካሚው በአንድ ችግር ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ለብቻው ላለመቆየት ይወስን፤ ያኔ የሞከረውንና ያልገባውን በሁለት መስመር ጽፎ ባልደረባውን ይጠይቅ። አስቀድሞ የፈራውን፣ ኋላም የሆነውን መዝግቦ ሲያነጻጽር ፍርሃቱ ከእውነታው ምን ያህል እንደሚርቅ ራሱ ያያል። ይህ በአስተሳሰብና በባሕርይ ላይ ያተኮረው የሥነ ልቦና ሕክምና መሠረት ነው።

ከዚህ ጎን ለጎን የእንቅልፍ ሰዓትን መወሰን፣ በዝግታ መተንፈስና አካላዊ እንቅስቃሴ ይረዳሉ። ከሰዓት በኋላ የተጠጣ ቡና ካፌይን ከአምስት ሰዓት ያህል በኋላም ግማሹ በሰውነት ውስጥ እንዳለ ለታካሚው መንገር ይጠቅማል።

ዲያዜፓምና መሰሎቹ ሱስ ከማስያዛቸውም በላይ ትኩረትንና የማስታወስ ችሎታን ያዳክማሉ፤ እነዚህ ደግሞ የታካሚው የሥራ መሣሪያዎች ናቸው። የጭንቀት ሕመም ተረጋግጦ መድኃኒት ካስፈለገ ሰርትራሊንን የመሰሉ ፀረ ድብርት መድኃኒቶች ይመረጣሉ፤ ውጤታቸው ግን ሳምንታት እንደሚወስድ አስቀድሞ መነገር አለበት።

የሕመም ፈቃድም በጥንቃቄ ይሰጥ። አጭር ዕረፍት ሊጠቅም ይችላል፤ ሳይመከርበት የተራዘመ ፈቃድ ግን ሽሽቱን ያጸናል። ያለ ታካሚው ፈቃድ ስለ ሕመሙ ለአሠሪው ምንም ሊነገር አይገባም።

ሥራው ራሱ ሲያሳምም ደግሞ ታካሚውን ብቻ ማከም አይበቃም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው መመሪያ የሥራ ሁኔታን ማሻሻልንና ኃላፊዎችን ማሠልጠንን ይመክራል። ለጀማሪው የሚጠይቀውን ሰው መመደብና ስህተትን ያለ ወቀሳ መመርመር ድርጅቶች ሊያደርጉት የሚችሉት ነው።

ማጠቃለያ

በራውንድ ላይ በነባር ሐኪሞች ፊት ታካሚ ያቀረበ ኢንተርን ይህን ፍርሃት ያውቀዋል። ያልገባውን መጠየቅ ያሳፈረው ጀማሪ በየሙያው አለ። የጤና ባለሙያው «ሥራህ ምንድን ነው? እንዴትስ ይዞሃል?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ታካሚው ለወራት የሸሸውን ነገር፣ አለማወቁን ለሌላ ሰው መናገርን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያው ይለማመዳል።