ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ያለው ወንዝ

የአዲስ አበባ ተማሪ የዓባይን ገባሮች ሲጠሩለት አድጓል። በትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ የሚያልፈው ወንዝ ከየት እንደሚነሣና ምን እንደሚገባበት ግን የሚነግረው ብዙ ጊዜ የለም። ሕግ ጠፍቶ አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢን የሁሉም ሰው መብት አድርጓል። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህም «አካባቢ ሳይንስ» በአንደኛ ደረጃ ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኗል።

ችግሩ መጽሐፉ ለሁሉም ሰፈር መጻፉ ነው። «ሰዎች ወንዝን ይበክላሉ» ብሎ ያልፋል። የትኞቹ ሰዎች?

ትልቁና ትንሹ አቃቂ ከእንጦጦና ከአካባቢው ተራሮች ወርደው፣ ከተማዋን አቋርጠው አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ። በመንገዳቸው የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ፣ የጋራዥ ዘይትና ከየቤቱ በቱቦ የተለቀቀ የሽንት ቤት ፍሳሽ ይቀላቀላቸዋል። ታች በዚሁ ውኃ ጎመንና ሰላጣ ይለማል፤ አትክልቱም ተመልሶ ወደ ከተማው ገበያ ይወጣል።

የወንዙን ብክለት ለማሳየት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም፤ ድንጋይ መገልበጥ ይበቃል። ውኃው ገና ንጹሕ በሆነበት በላይኛው ጅረት፣ ከድንጋዩ ሥር ሦስት ቀጫጭን ጭራ ያላቸው፣ በስንጥብ የሚተነፍሱ የነፍሳት እጮች ይገኛሉ። ብዙ ኦክስጅን ስለሚሹ ቆሻሻ ውኃ ውስጥ አይቆዩም። ታች፣ ጭቃው በሚሸትበት፣ የሚበዙት ደም የመሰሉ ቀያይ እጮች ናቸው። ቅላታቸው ከሄሞግሎቢን ነው፤ ኦክስጅን ባነሰበት የሚያኖራቸውም እሱ ነው። ይህን የታችኛውን ጭቃ ግን መምህሩ በጓንት ያውጣው እንጂ ልጆቹ አይንኩት።

ከዚህ በኋላ «የበከለው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ አይቀርም። በእኔ እምነት ትምህርቱን የሚያሸሸው የዚህ ጥያቄ ፍርሃት ነው፤ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «የእኛም ቤት ቱቦ ወደ ወንዙ ነው» ቢል መምህሩ ምን ይመልሳል? ፋብሪካው የወላጆች እንጀራ ቢሆንስ? ስለዚህ ቀላሉ ይመረጣል፦ ሐምሌ ላይ ችግኝ ይተከላል፣ ፎቶ ይነሣል። ችግኝ መትከል መልካም ነው፤ የሚከሰስበት ሰው ስለሌለ ደግሞ ለሁሉም ይመቻል።

የክፍለ ከተማ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ክረምቱ ወጥቶ ውኃው ሲጎድል፣ ኅዳር ላይ፣ ለእያንዳንዱ ክፍል ወደ ወንዙ የሚወርድበት የግማሽ ቀን ፈቃድ ይስጡ።