የናፍታ መኪና ጭስ፦ «ሞተሩ ይውረድ» ከመባሉ በፊት

አሮጌ ናፍታ መኪና ያለው ሰው ዛሬ መኪናውን በቀላሉ አይለቅም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ ተሽከርካሪ ወደ አገር ማስገባትን እጅግ ውድ አደረገው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በስተቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተነገረ። በመሆኑም ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለገሉ ሃይሉክሶች፣ ላንድክሩዘሮችና ሰማያዊና ነጭ ሚኒባሶች ዛሬም በአዲስ አበባ ጎዳናዎች እንጀራ ያበላሉ። ጭሳቸውም አብሯቸው አለ።

ጭሱ ለባለንብረቱ በቅድሚያ የገንዘብ ጉዳይ ነው። ጥቁር ሆኖ በማርሚታ የሚወጣው የተከፈለበት ናፍታ ነው፤ ሰማያዊ ሆኖ የሚወጣው ደግሞ የተገዛ ዘይት ነው። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ ሲነሳ ይህ ብክነት ይበልጥ መሰማት ጀምሯል። ከዚህ የሚብሰው ወጪ ግን ጋራዥ ደጃፍ ላይ ይጠብቃል። መኪናው አጨሰ ሲባል «ሞተሩ አልቋል፣ ይውረድ» የሚለው ፍርድ ሳይመረመር የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ሞተር ማውረድ ማለት የፋሻ፣ የብሮንዚን፣ የጓርኒሲዮን፣ የጥርቢያና የእጅ ዋጋ ማለት ነው። ለታክሲ ባለንብረት መኪናው ቆሞ የሚታጣው የቀን ገቢም ይጨመርበታል። ይህ ሁሉ ከወጣ በኋላ ጥፋቱ የነበረው በአየር ፊልትሮው ወይም በኖዝሉ ላይ ከሆነ፣ መኪናው አዲስ ፋሻ ይዞ እንደቀድሞው እያጨሰ ይወጣል።

ይህን ለማስቀረት የሚያስፈልገው ብልሃት ቀላል ነው፤ ጭሱን በቀለሙና በሚወጣበት ሰዓት ለይቶ፣ ምርመራውን ከርካሹ ጀምሮ ወደ ውዱ መሄድ ነው።

ጥቁር ጭስ፦ ናፍታው በዛ ወይስ አየሩ አነሰ?

ናፍታ ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ በሚገባ እንዲቃጠል በቂ አየር ይፈልጋል። ናፍታው ከአየሩ ከበዛ ወይም በደንብ ሳይበተን በጠብታ መልክ ከገባ፣ ሳይቃጠል የቀረው ክፍል ጥቀርሻ ሆኖ ይወጣል። ጥቁር ጭስ ይህ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው የአየር ፊልትሮው ነው። በአቧራ የታፈነ ፊልትሮ ብቻውን መኪናውን ጥቁር ሊያስጨሰውና ጉልበቱን ሊቀንሰው ይችላል። ፊልትሮውን መፍታትና ወደ ብርሃን አድርጎ ማየት ደቂቃ የማይፈጅ፣ ገንዘብም የማያስወጣ ምርመራ ነው። ቱርቦ ያለው መኪና ከሆነ ከቱርቦው ወደ ሞተሩ አየር የሚያደርሰው ጎማ መቀደዱ ወይም ማሰሪያው መላላቱም ይታያል።

ቀጥሎ የሚመጣው ኖዝል ነው። ጤነኛ ኖዝል ናፍታውን እንደ ጉም አድርጎ ይበትነዋል። ያረጀው ግን ያንጠባጥባል ወይም በአንድ ወገን ይረጫል። ኖዝል ለመፈተሽ ሞተር ማውረድ አያስፈልግም። ተፈትቶ ፖምፓ ቤት ይወሰድና በእጅ በሚሠራው የግፊት መሞከሪያ ላይ ይታሰራል፤ በስንት ግፊት እንደሚከፍትና እንዴት እንደሚበትን በዓይን ይታያል። ባለንብረቱ ራሱ ቆሞ ቢያይ መልካም ነው። ተራ እየጠበቀ ሞተሩን ሳያጠፋ ለረጅም ጊዜ የሚቆም ሚኒባስ ኖዝሉ ቶሎ ጥቀርሻ ይይዛል፤ ሞተሩ ያለ ጭነት ሲዞር በሚገባ ስለማይሞቅ ናፍታው በሙሉ አይቃጠልም።

ሦስተኛው ፖምፓው ነው። እዚህ ላይ የአዲስ አበባ ከፍታ ይመጣል። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ በ2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ለባሕር ዳርቻ አገር ተስተካክሎ የመጣ፣ ለምሳሌ ከዱባይ የገባ ቱርቦ የሌለው መኪና፣ ፖምፓው የሚልከው ናፍታ ያው ሲሆን የሚያገኘው አየር ግን ቀንሷል። አንዳንድ ፖምፓዎች ከፍታን ተከትሎ ናፍታውን የሚቀንስ መሣሪያ አላቸው፤ ብዙዎቹ ግን የላቸውም። እንዲህ ያለው መኪና ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ጥቁር ያጨሳል፤ ወደ አዳማ ሲወርድ ጭሱ ይቀንሳል። ይህ ልዩነት ራሱ ምስክር ነው። ፋሻው ያለቀ ሞተር አዳማ ስለወረደ አይድንም።

መፍትሔው ፖምፓ ቤት ወስዶ የናፍታውን መጠን በመሞከሪያ ማሽን ላይ ማስቀነስ ነው። ብሎኑን መንገድ ዳር በግምት ማዞር ግን ሁለት መዘዝ አለው። ከበዛ መኪናው ማጨስ ብቻ ሳይሆን የጋዙ ሙቀት ጨምሮ ፒስቶን ይጎዳል፤ ካነሰ ደግሞ ጭነት ይዞ ዳገት አይወጣም።

ሰማያዊ ጭስ፦ የሚነደው ዘይት ነው

ጭሱ ወደ ሰማያዊ ካደላና የተቃጠለ ዘይት ከሸተተ፣ የሞተር ዘይት ወደ ማቃጠያው ክፍል እየገባ ነው። በዚህ ጊዜ «ፋሻው ነው» ማለት የተለመደ ቢሆንም ዘይት የሚገባበት መንገድ ግን አንድ ብቻ አይደለም።

ከሁሉ በፊት የዘይቱ መጠን ይለካ። ዘይት ከልኩ በላይ የተሞላ መኪና ያጨሳል፤ መድኃኒቱም ትርፉን ማፍሰስ ነው። የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ በቆሻሻ ተደፍኖ እንደሆነም ይታይ፤ መተንፈሻ ያጣ ሞተር ዘይቱን በሌላ በኩል ይገፋዋል። ጭሱ ጠዋት ሲነሳ ብቻ ቡፍ ብሎ ከጠፋ፣ ሌሊት ዘይት በባልቮላ ጎሚኒ በኩል ወደ ታች ሰርጎ ማደሩን ያመለክታል። ጎሚኒ ለመለወጥ ደግሞ ሞተሩ ከነሙሉ አካሉ መውረድ የለበትም። ቱርቦ ያለው መኪና ከሆነ ቱርቦው ራሱ ዘይት ሊያሳልፍ ይችላል፤ ወደ ሞተሩ የሚገባው የአየር ጎማ ተፈትቶ ውስጡ በዘይት ከረጠበ ምልክቱ ይህ ነው።

ጭሱ ሞተሩ ሞቆም የማይጠፋ፣ ነዳጅ ሲሰጠውና ሲጫን የሚበዛ ከሆነ ግን ጥርጣሬው ወደ ፋሻና ሲሊንደር ይሄዳል። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያው ክዳን ሲላላ ጋዙ እየገፋ በኃይል የሚተነፍስ ከሆነ፣ ከላይ ያለው ግፊት በፋሻው አልፎ ወደ ታች እየወረደ ነው። ይህም ሆኖ ፍርዱ ከመሰጠቱ በፊት መኪናው በ1,000 ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር ዘይት እንደሚጨምር በወረቀት ቢመዘገብ ይመረጣል። ቁጥር ያለው ባለንብረት ጋራዥ ገብቶ በግምት አይነዳም።

ነጭ ጭስ፦ ናፍታ ወይስ ውሃ?

በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ናፍታ መኪና ለደቂቃ ያህል ነጭ ቢያጨስ የሚያስደነግጥ አይደለም። ሞተሩ ቀዝቃዛ በመሆኑ ከናፍታው ከፊሉ ሳይነድ ተንኖ ይወጣል። ጭሱ ከቆየ፣ ዓይን ካቃጠለና ሞተሩ ከተንቀጠቀጠ ግን አንዱ ሲሊንደር አልተነሳም ማለት ነው። መጀመሪያ የሚፈተሸው የማሞቂያ ካንዴላ ነው፤ እያንዳንዱ ካንዴላ በባትሪና በአምፖል ሊሞከር ይችላል። በእነዚህ አሮጌ ሞተሮች ላይ የናፍታ ቱቦዎቹን በየተራ ማላላትም የታወቀ ዘዴ ነው፤ ሲላላ የሞተሩ ድምፅ ያልተለወጠበት ሲሊንደር ሥራ ያልሠራው ነው። ይህ ዘዴ ግን በኤሌክትሮኒክስ በሚታዘዙት፣ ኮመን ሬል በሚባሉት አዳዲስ ሞተሮች ላይ ፈጽሞ መሞከር የለበትም፤ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ቆዳ ሰንጥቆ ይገባል።

ሞተሩ ሞቆም ነጭ ማጨሱን ካላቆመ የፖምፓው ሰዓት ይታይ። የታይሚንግ ቺንጋ ከተለወጠ በኋላ የጀመረ ጭስ ከሆነ፣ ቺንጋው አንድ ጥርስ ተዛንፎ መታሰሩ የመጀመሪያው ጥርጣሬ ነው። ናፍታው ዘግይቶ ስለሚገባ በሙሉ ሳይነድ ይወጣል።

ሌላው ነጭ ጭስ የውሃ እንፋሎት ነው። የናፍታ ሽታ የለውም፤ የራዲያተሩ ውሃም ይጎድላል። ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት የራዲያተሩ ክዳን ተከፍቶ ሞተሩ ሲነሳ ያለማቋረጥ አረፋ ከወጣ፣ ወይም ዘይቱ እንደ ወተት ከነጣ፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል ወይም ቴስታታው ራሱ ተሰንጥቋል። በተለይ ቱርቦ የተገጠመለት የቶዮታ 2ኤል ሞተር ከልክ በላይ ሲሞቅ ቴስታታው በመሰንጠቅ ይታወቃል። የሞቀ ራዲያተር ክዳን ግን አይከፈትም፤ የፈላው ውሃ ፊት ያቃጥላል።

መለኪያው ሲዋሽ

ቀላሉ ምርመራ ሁሉ አልቆ ጥርጣሬው ሞተሩ ውስጥ ከገባ፣ ሞተሩ ከመፈታቱ በፊት የኮምፕረሲዮን ልኬት ይደረግ። እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ ያለአግባብ ሊጠፋ የሚችልበት ስህተት አለ። የቶዮታ 2ኤልና 3ኤል ሞተሮች የጥገና መጽሐፍ ለጤነኛ ሲሊንደር 32 ኪሎ ገደማ በካሬ ሴንቲ ሜትር፣ ለዝቅተኛው ደግሞ 20 ኪሎ ያስቀምጣል። የመጀመሪያው ቁጥር የሚሠራው ግን በባሕር ወለል ላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሲሊንደሩ የሚስበው አየር ግፊት በሩብ ያህል ስላነሰ፣ ያው ጤነኛ ሞተር 24 አካባቢ ቢያሳይ አልታመመም። መጽሐፉን ብቻ አይቶ «ከ32 ወደ 24 ወርዷል፣ አልቋል» የሚል መካኒክ ደህና ሞተር ያስፈታል።

ከቁጥሩ ይልቅ የሚታመነው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። አራቱም ተቀራራቢ ከሆኑ ተስፋ አለ። ሦስቱ ተቀራርበው አንዱ ከ5 ኪሎ በላይ ከወረደ፣ ጥፋቱ በዚያ ሲሊንደር ላይ ነው። ልኬቱ ሞተሩ ሞቆ፣ ባትሪው ሞልቶ መደረግ አለበት። ባትሪ የደከመበት መኪና ሞተሩ በዝግታ ስለሚዞር ልኬቱ ሁሉ አንሶ ይታያል።

መለዋወጫ ሲገዛ

ኖዝል የሚለወጠው በስብስብ ነው፤ ከአራቱ አንዱን ብቻ አዲስ ማድረግ ሞተሩን እኩል አያሠራውም። ሶማሌ ተራ ወርዶ ለሚገዛ ሰው ዋናው ጥንቃቄ አሮጌውን ኖዝል ይዞ መሄድና በላዩ የተቀረጸውን ቁጥር ከአዲሱ ጋር ማመሳከር ነው። መልኩ አንድ የሚመስል፣ ቁጥሩ ግን የተለየ ኖዝል ናፍታውን በሌላ ማዕዘን ይረጫል፤ ጭሱም ይቀጥላል። አዲሱም ቢሆን ከመገጠሙ በፊት ፖምፓ ቤት ይሞከር። ጋራዡ ለለወጠው ዕቃ ሁሉ የተፈታውን አሮጌ ዕቃ መረከብም የባለንብረቱ መብት ነው።

ለገዢ

አሮጌ ናፍታ መኪና ለመግዛት የተነሳ ሰው ቀብድ ከመስጠቱ በፊት መኪናውን በጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ ሊያየው ይገባል። ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን በእጁ ይዳስስ። ገዢ ሳይመጣ የሞቀ ሞተር የጠዋቱን ጭስ ደብቋል። ሞተሩ ውስጥ ወፍራም ዘይት ወይም ማወፈሪያ ጨምሮ ሰማያዊውን ጭስ ለጥቂት ቀናት ማቆምም የታወቀ ዘዴ ነው። የፖምፓውን ብሎን መልሶ ናፍታውን በማሳነስ ጥቁሩን ጭስ ማጥፋት ሌላው ነው፤ ለዓመታዊው ምርመራም ይህን የሚያደርጉ አሉ። ይህ ማታለያ የሚጋለጠው ዳገት ላይ ነው። ሜዳ ላይ የማያጨስ፣ አቀበት ላይ ግን የሚያቃስት መኪና ብሎኑ መነካቱን ያሳብቃል። ሞተሩ ጠፍቶ ማርሚታው ሲበርድ ጣትን ወደ ጫፉ አስገብቶ ማየትም ይረዳል፤ ደረቅ ጥቀርሻ የናፍታ ነገር ነው፣ የሚያጣብቅ ቅባት ግን የዘይት።

ለሻጭም ቢሆን መደበቁ አይበጀውም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ በኖዝል ጽዳት ይድን የነበረ መኪና ተደብቆ ሲቆይ ፒስቶኑን ይበላል፤ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል።

ጉዳዩ የባለንብረቱ ኪስ ብቻም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2012 እ.ኤ.አ. የናፍታ ሞተር ጭስ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትል መድቦታል። ቀኑን ሙሉ በሚኒባሱ በር የሚቆመው ወያላና ከማርሚታው ጀርባ ተሰልፎ ታክሲ የሚጠብቀው ሰው ይህን ጭስ ያለ ምርጫ ይስቡታል።

የምርመራው ቅደም ተከተል እንግዲህ ይህ ነው፤ በመጀመሪያ ፊልትሮና የዘይት መጠን፣ ቀጥሎ ካንዴላ፣ ከዚያ ኖዝል፣ ከዚያ ፖምፓና ሰዓቱ፣ በመጨረሻም ኮምፕረሲዮን። የመጀመሪያዎቹ ባዶ እጅን ወይም ጥቂት ብርን የሚጠይቁ ሲሆኑ፣ ሞተር የሚወርደው የመጨረሻው ልኬት ሲያስገድድ ብቻ ነው። ይህን ተራ ሳይጠብቅ መፍቻ የሚያነሳ ጋራዥ ያጋጠመው ባለንብረት መኪናውን አስነስቶ ሌላ ቢሞክር አይጎዳም።