ከሐይቅ ወዴት? ዩኒቨርሲቲ ከመምረጣችሁ በፊት

የ12ኛ ክፍል ልጆቻችን፣ ቅጹን ስም ብቻ አይታችሁ አትሙሉ። የምትሞሉት ምርጫችሁን ነው፤ የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግን ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል።

«ወሎ ዩኒቨርሲቲ» ስትሉ ደሴን ካሰባችሁ፣ ኢንጂነሪንጉ ያለው ኮምቦልቻ ነው። ወልድያ ዩኒቨርሲቲም መርሳ ላይ የግብርና ካምፓስ አለው፤ ለእኛ ለሐይቆች ከወልድያ ከተማ ይልቅ መርሳ ይቀርባል። ቅርበት ግን የወላጅ ሚዛን ነው (እናቶች አትቀየሙኝ)። ዋናው የትምህርት ክፍሉ ነው። እሱ ደግሞ የሚለየው የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ኮርሶች ካለቁ በኋላ፣ በውጤት ነው። የምትፈልጉት ትምህርት በምትመርጡት ግቢ መኖሩን አሁኑኑ አጣሩ።

ማን እንደሚያስተምርም ጠይቁ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከሸዋ ተነሥተው ሐይቅ እስጢፋኖስ የገቡት አባ ኢየሱስ ሞዓ ዘንድ ለመማር ነበር።

የግል ኮሌጅ ከተቀበላችሁ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የፕሮግራሙን የእውቅና ፈቃድ አሳዩን በሉ። የኮሌጁ ስም መታወቁ ብቻውን አይበቃም፤ የምትማሩበት ካምፓስና የምትማሩት ትምህርት በፈቃዱ ላይ መኖር አለባቸው። የመውጫ ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥትም የግልም ተማሪ አይቀርለትም፤ ኮሌጆቹ ከቀደሙት ተመራቂዎቻቸው ስንቱ እንዳለፈ በቁጥር ይንገሯችሁ።