«ጦረኛው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም»

ጨዋታ የልጅ ሥራ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔም እስከ ዐምና ክረምት ድረስ ከእነርሱ ወገን ነበርሁ። የደብረ ማርቆስን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ዝናቡ አንድ ጊዜ ከጀመረ የሚያቆም አይመስልም፤ ለወጣት የመንግሥት ሠራተኛም በእሑድ ከሰዓት በኋላ የሚሄድበት ስፍራ ጥቂት ነው። እንግዲህ አምስት ሰዎች በአንድ የኪራይ ክፍል ውስጥ በጀበና ዙሪያ ተሰብስበን፣ ያልነበረ አገር ፈጥረን በውስጡ መኖር ጀመርን። በሦስተኛው እሑድ አንድ ልጅ ገደልን። ልጁም እንደ አገሩ ያልነበረ ልጅ ነው። ይሁን እንጂ ከመካከላችን ሁለቱ በእርሱ ምክንያት ሦስት ሳምንት ሳይነጋገሩ ቈዩ።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ልግለጽ። አንዱ አጫዋች ይሆናል፤ አገሩን፣ መንገዱንና የሚያጋጥመውን ሰው ሁሉ በቃሉ ይተርካል። የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ፈጥረው በዚያ ሰው አፍ ይናገራሉ፤ ምን እንደሚያደርግም ይወስናሉ። ይሳካል ወይስ አይሳካም የሚያሰኝ ነገር ሲመጣ ዕጣ ይጣላል። የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ የመጀመሪያው መጽሐፍ «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ይባላል፤ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1974 ዓ.ም. አሳተሙት። ከዚያ በፊት እነዚህ ሰዎች በጠረጴዛ ላይ ትንንሽ ወታደሮች ደርድረው የጦርነት ጨዋታ ይጫወቱ ነበር። አዲሱ ነገር አንድ ተጫዋች ጦር ሠራዊት ማዘዙን ትቶ አንድ ሰው ብቻ መሆኑ ነው። በእኔ አስተያየት ጣጣውም የመጣው ከዚህ ነው። ሠራዊት ያሸንፋል ወይም ይሸነፋል፤ አንድ ሰው ግን ማታ ከኅሊናው ጋር ይተኛል።

ፈረንጆቹ ዕጣ የሚጥሉበት ሃያ ገጽ ያለው ጠጠር አላቸው። እኛ እርሱን ስላላገኘን ከ1 እስከ 20 ቁጥር የተጻፈባቸውን ብጣሽ ወረቀቶች ጠቅልለን በቡና ሲኒ ውስጥ ጨመርን። ከዚህ በቀር የጐደለን ነገር አልነበረም።

አጫዋቹ አስተማሪ ነው፤ በዕድሜ ስለሚበልጠን ጋሼ እንለዋለን። በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የሆነው ጓደኛችን ለንጉሡ መሐላ የገባ ጦረኛ ሆነ። ነርሷ መድኃኒት ዐዋቂ፣ የሁለተኛ ዓመት ተማሪው አዝማሪ፣ እኔ ደግሞ ቁልፍ የሚከፍት ሌባ ሆንን። በዚያ እሑድ ወረርሽኝ ለገባበት መንደር መድኃኒት ይዘን በሌሊት ስንገሠግሥ፣ ለሽፍቶች ዘብ የቆመ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል የሆነው ልጅ ያዝን። ብንለቀው ሽፍቶቹን ይጠራል። አስረን ብንተወው አገሩ የጅብ አገር ነው። ይዘነው እንዳንሄድ እግሩ ተሰብሯል፤ መድኃኒቱ ደግሞ ሳይነጋ መድረስ አለበት። ጋሼ ይኸን ተናግሮ ዝም አለ። ጸሐፊው ወዲያው «ጦረኛዬ ሰይፉን ይመዛል» አለና እጁን ወደ ሲኒው ሰድዶ ቁጥር አወጣ። ዐሥራ ሰባት። ለዚያ ሥራ ከበቂ በላይ ነበር።

«ምን አደረግህ?» አለችው ነርሷ።

«እኔ አይደለሁም፤ ጦረኛው ነው። ለንጉሡ የማለ ሰው ነው፤ ባሕርዩ ነው።»

«ጦረኛውንስ ማን ፈጠረው?» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ቶናው ገና አልተቀዳም ነበር። እኔስ ምን አደረግሁ? ሌባዬ በጨለማ ውስጥ ነው ያለው ብዬ ዝም አልሁ።

ለጸሐፊው ልፍረድለት ብል የምለው አላጣም። በቴአትር መድረክ ላይ ነፍሰ ገዳይ ሆኖ የሚጫወተውን ሰው ነፍሰ ገዳይ ነህ አንለውም፤ እንዲያውም እናጨበጭብለታለን። ክፉ ሰው ሆኖ መጫወት በራሱ ነውር አይደለም። ነገር ግን ተዋናዩ የሚናገረው ሌላ ሰው ጽፎ የሰጠውን ቃል ነው። የእኛው ጦረኛ ቃል የተሰጠው አልነበረም፤ ጸሐፊው በዚያችው ደቂቃ ፈጠረው፣ ፈጥሮም ከጀርባው ተደበቀ። የመጀመሪያው የአሜሪካውያን መጽሐፍም ለዚህ መደበቂያ ሳያበጅ አልቀረም። እያንዳንዱ ሰው ከሥርዐት፣ ከመካከለኛነትና ከሁከት አንዱን ወገን እንዲመርጥ ያዝዝ ነበር፤ በኋላም ደግነትና ክፋት ተጨምረውበት ወገኑ ዘጠኝ ሆነ። የወገን ስም ካለ «ወገኔ እንዲህ ያዝዛል» ማለት ቀላል ነው። ከዚሁ ጋይጋክስ በ1970ዎቹ መጨረሻ ባወጣው «በጠረፍ ያለው ምሽግ» በተባለ ታዋቂ የጨዋታ መጽሐፍ ውስጥ፣ በዋሻ ከሚኖሩት ጠላቶች ተዋጊዎቹ ብቻ ሳይሆኑ ሴቶቻቸውና ልጆቻቸውም ተቈጥረው ተጽፈዋል። ተዋጊዎቹ ካለቁ በኋላ ልጆቹን ምን እናድርጋቸው? ተጫዋቾች ከዚያ ወዲህ ሲከራከሩበት ይኖራሉ።

በጸሐፊው ላይ ድንጋይ ለማንሣት እኔ የመጀመሪያው ሰው አይደለሁም። ከተመረቅሁ በኋላ በአንድ መሥሪያ ቤት ጥቂት ወራት አገልግዬ ነበር። አንድ ቀን ከገጠር በእግሯ የመጣች ሴት ወረቀቷን በመስኮት አቀበለችኝ፤ አንድ ፎቶግራፍ ጐደላት። «መመሪያው ነው፣ እናቴ» ብዬ መለስኋት። መመሪያውስ በእውነት እንዲያ ይላል። ከመስኮቱ ኋላ የተቀመጥሁት ግን እኔ ነበርሁ፤ ፎቶግራፍ ቤቱም ከዚያ ሁለት መቶ እርምጃ አይርቅም ነበር፤ ወዴት እንደሆነ እንኳ አላሳየኋትም።

ወደ ጨዋታው ልመለስ። ልጆች ሆነን ነብር፣ ፍየልና ቅጠል ይዞ ወንዝ ስለሚሻገረው ሰው ያልተጠየቀ ማን አለ? መጀመሪያ ፍየሏን ያሻግራል፤ ተመልሶ ቅጠሉን ይወስድና ፍየሏን ይዟት ይመለሳል፤ ቀጥሎ ነብሩን፣ በመጨረሻ ፍየሏን። ይኸ ቁልፍ ያለው ጥያቄ ነው። አጫዋቾች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት የኅሊናን ጥያቄ እንዲህ አድርገው ቁልፉን በኪሳቸው ሲይዙት ነው። ያን ጊዜ ተጫዋቹ «የሚገባው ምንድን ነው?» ማለቱን ትቶ «ጋሼ የሚፈልገው ምንድን ነው?» እያለ ፊት ማየት ይጀምራል። ፊት ማየት ለምን ዓይነት ሥራ እንደሚያለማምድ ወጣት ባለሥልጣናት አያጡትም።

ሌላው የልጅነት ጨዋታችን ግን ቁልፍ የለውም። «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ብሎ መልሱ የጠፋበት ልጅ «አገር ስጠኝ» ይባላል። ጎንደርን ሰጠሁህ፣ ሸዋን ሰጠሁህ እያልን ያላየነውን አገር በልግስና ስናድል እናመሽ ነበር። አንድ ማታ ግን ጠያቂው ሁሉንም እምቢ ብሎ ደብረ ማርቆስን፣ አያቶቻችን መንቆረር የሚሏትን፣ ካልሰጠኸኝ አለ። ተጠያቂው ልጅ አልሰጥም ብሎ አለቀሰ፤ ምክንያቱንም ስንጠይቀው «እናቴ እዚያ ናት» አለ። በቃል ብቻ የሚሰጥ አገር መሆኑን እርሱም ያውቅ ነበር።

የጠቡን ነገር ላንድ ሽማግሌ ዘመዴ ባጫወትሁት ጊዜ በጣም ሣቀ። ከሣቀም በኋላ የጠየቀኝ ማን እንደ ገደለ አይደለም፤ «ቀድሞ የተናገረው ማን ነው?» አለኝ። በቀድሞው ሸንጎ ፍርድ ሲሰጥ አሳብ መስጠት የሚጀምረው ከታናሹ ነበር፤ ከዚያ ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ ይወጣና የታላቁ ቃል መጨረሻ ይሆናል። ታላቁ ቀድሞ ከተናገረ ታናሹ ፈራጅነቱ ይቀርና አሜን ባይ ይሆናል። በእኛ ጠረጴዛ ደግሞ ድምፁ የሚጐላው ጸሐፊው ዘወትር ይቀድም ነበር፤ እኛም ዝም በማለት እንከተለው ነበር።

ይኸን ለጋሼ ነገርሁት። በአራተኛው ሳምንት ነርሷ ተለምና መጣች፤ ከመቀመጧም በፊት «ልጅ ሲሞት በሥራ ቀን አያለሁ፤ እሑድ እሑድ ማየት አልፈልግም» አለች። ይኸን ማንኛችንም አስበነው አናውቅም ነበር። ጆን ስታቭሮፑሎስ የተባለ አሜሪካዊ ለእንዲህ ያለው ነገር ብልሃት አበጅቷል፤ የኤክስ ምልክት ያለበት ካርድ በጠረጴዛው መካከል ይቀመጣል፤ አንድ ተጫዋች ከነካው የተጀመረው ነገር ምክንያት ሳይጠየቅ ይታለፋል። ካርዱን እኛም ቈርጠን ከሲኒው አጠገብ አኖርነው። እስካሁን አንድ ጊዜ ተነክቷል፤ የነካው ደግሞ ጸሐፊው ነው። ሥርዐቱ ነውና ለምን አላልነውም።

ከዚያ ወዲህ ከባድ ነገር ሲመጣ መጀመሪያ የሚናገረው ተማሪው ነው። በአንድ ጐተራ ያለውን እህል ለመንደርተኛው እንስጥ ወይስ ለስደተኞቹ ስንባባል ሁላችንም ክርክራችንን አሰናድተን ነበር። እርሱ ግን «ባለ እህሎቹን ጠይቀናቸዋል ወይ?» አለ። አልጠየቅናቸውም ነበር።

የተገደለውስ ልጅ? ጋሼ በጦረኛው ላይ መብረቅ አላወረደበትም፤ እንዲያ ቢያደርግ ነገሩ በተጠናቀቀና ሁላችንም በተገላገልን ነበር። ባለፈው እሑድ ግን ከዋርካ ሥር ሸንጎ ተቀምጦ ሳለ አንዲት ሴት መጣች፤ የነጠላዋን ጫፍ ከጦረኛው ልብስ ጋር ቋጠረችና «በላ ልበልሃ! ልጄን ማን ገደለው?» አለችው። ሴትየዋን ሆኖ የሚናገረው ጋሼ ነው፤ ሆኖም ማንም አልሣቀም። ጸሐፊው እጁን እንደ ልማዱ ወደ ሲኒው ሰደደ፤ ከአፉ ላይ ሲደርስ ተወው። «ይኸማ በዕጣ አይሆንም» አለ። ጥቂት ቈይቶም ቀጠሮ ጠየቀ፤ ሸንጎውም ሰጠው። ቀጠሮው ለዛሬ እሑድ፣ ለዘጠኝ ሰዓት ነው።