ባለ አንድ እና ባለ ብዙ ድግግሞሽ የብረታ ብረት መፈለጊያ መሣሪያዎች፦ ልዩነታቸው፣ አጠቃቀማቸውና ሊታወቁ የሚገባቸው የሕግ ግዴታዎች

የብረታ ብረት መፈለጊያ መሣሪያ፣ በተለምዶ አጠራሩ ሜታል ዲቴክተር፣ በአገራችን ለረጅም ጊዜ ይታወቅ የነበረው በጥበቃ ሥራና ወርቅ በባህላዊ መንገድ በሚመረትባቸው አካባቢዎች ነው። በአሁኑ ጊዜ ግን መሣሪያውን ለመዝናኛ፣ የጠፋ ንብረት ለመፈለግ ወይም የተቀበረ ሀብት አገኛለሁ በሚል ተስፋ ለግላቸው ለመግዛት የሚያስቡ ዜጎች አሉ። ይህ ማብራሪያ በተለይ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር በሚገኙት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የሚኖሩ ተገልጋዮች በሁለቱ ዋና ዋና የመሣሪያ ዓይነቶች መካከል ያለውን ልዩነት ተረድተው፣ ያጠራቀሙትን ገንዘብ ከማውጣታቸው በፊት በቂ ግንዛቤ እንዲኖራቸው ተዘጋጅቷል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱ የንግድ ስሞች ለማሳያነት ብቻ የቀረቡ ሲሆን፣ አንዱን ምርት ከሌላው ለማስበለጥ የታሰቡ አይደሉም።

መሣሪያው የሚሠራበት መንገድ

በመሣሪያው ጫፍ ላይ ባለው ክብ ወይም ሞላላ አካል ውስጥ የሽቦ ጥቅል ይገኛል። ጥቅሉ ተለዋዋጭ የኤሌክትሪክ ጅረት ሲያልፍበት ወደ መሬት የሚዘልቅ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል። መስኩ በአፈር ውስጥ ብረታ ብረት ሲያገኝ በብረቱ ላይ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ዝውውር ይፈጠራል፤ ይህም ዝውውር በተራው የራሱን ደካማ መስክ ይመልሳል። ሁለተኛው የሽቦ ጥቅል ይህን ምላሽ ተቀብሎ በድምፅና በቁጥር ለተጠቃሚው ያሳውቃል። ይህ መርህ አዲስ አይደለም፤ አሌክሳንደር ግርሃም ቤል እ.ኤ.አ. በ1881 በአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ ሰውነት ውስጥ የቀረችውን ጥይት ለመፈለግ የተጠቀመው በተመሳሳይ መርህ በሠራው መሣሪያ ነበር።

ገዢዎች ከሁሉ አስቀድመው ሊገነዘቡት የሚገባው የጥልቀት ጉዳይ ነው። እንደ ሳንቲም ያለ ትንሽ ዕቃ የሚገኝበት ጥልቀት እጥፍ ሲሆን ወደ መሣሪያው የሚመለሰው ምላሽ ወደ 64 ጊዜ ያህል ይቀንሳል። በመሆኑም ጥሩ የሚባል መሣሪያ እንኳ ሳንቲም የሚያህል ዕቃ የሚያሳየው አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ባለው ጥልቀት ውስጥ ነው። በመሣሪያው ላይ የሚጨመር ገንዘብ ምላሹን በትክክል ለመለየት ይረዳል እንጂ ትንሽ ዕቃን በብዙ ሜትር ጥልቀት የማየት አቅም አይሰጥም።

ባለ አንድ ድግግሞሽ መሣሪያ

ባለ አንድ ድግግሞሽ መሣሪያ በአንድ ጊዜ የሚልከው አንድ ዓይነት ሞገድ ብቻ ነው። የሞገዱ ድግግሞሽ በኪሎ ኸርዝ ይለካል። ዝቅተኛ ድግግሞሽ፣ ለምሳሌ ከ5 እስከ 8 ኪሎ ኸርዝ ያለው፣ እንደ ብርና መዳብ ያሉ ኤሌክትሪክን በሚገባ የሚያስተላልፉና መጠናቸው ተለቅ ያሉ ዕቃዎችን ለማግኘት ይመረጣል። ከፍተኛ ድግግሞሽ ደግሞ ለትናንሽ የወርቅ ፍንጣሪዎችና ለስስ ጌጣጌጥ የተሻለ ትብነት አለው። ለማሳያ ያህል ጋሬት ኤስ 250 የተባለው ለጀማሪዎች የተሠራ መሣሪያ በ6.5 ኪሎ ኸርዝ ሲሠራ፣ ለወርቅ ፍለጋ የተዘጋጀው ማይንላብ ጎልድ ሞንስተር 1000 ደግሞ በ45 ኪሎ ኸርዝ ይሠራል። ሁለቱም ባለ አንድ ድግግሞሽ ቢሆኑም የተሠሩበት ዓላማ የተለያየ ነው።

የዚህ ዓይነት መሣሪያ ጠቀሜታ ዋጋው ዝቅተኛ፣ ክብደቱ ቀላል፣ አጠቃቀሙም ለመልመድ የማያስቸግር መሆኑ ነው። ጉድለቱ አፈሩ የብረት ማዕድን በሚበዛበት ስፍራ ይታያል። እንዲህ ባለው ቦታ አንድ ሞገድ ብቻ የሚልክ መሣሪያ የአፈሩን ምላሽ ከዕቃው ምላሽ ለመለየት ይቸገራል፤ የሚያሳየው መለያ ቁጥርም ዕቃው ጠለቅ ባለ መጠን ይዋዥቃል።

ባለ ብዙ ድግግሞሽ መሣሪያ

ባለ ብዙ ድግግሞሽ መሣሪያ በርካታ ሞገዶችን በአንድ ጊዜ ወይም እጅግ ፈጣን በሆነ ቅደም ተከተል ልኮ ምላሻቸውን ያነጻጽራል። በአፈር ውስጥ ያሉ የብረት ማዕድናት የሚሰጡት ምላሽ ድግግሞሹ ሲቀያየር ብዙም አይለወጥም፤ የሳንቲም፣ የቀለበት ወይም የምስማር ምላሽ ግን ይለወጣል። መሣሪያው ይህን ልዩነት በመጠቀም የአፈሩን ድርሻ ቀንሶ የዕቃውን ብቻ ለማስቀረት ይችላል። ማይንላብ ኢኩዊኖክስ 800 ለዚህ ዓይነት ምሳሌ ነው፤ በብዙ ድግግሞሽ ከመሥራቱ በተጨማሪ ተጠቃሚው ሲፈልግ 5፣ 10፣ 15፣ 20 ወይም 40 ኪሎ ኸርዝን ለብቻው መርጦ እንዲሠራበት ያስችላል።

በገበያ ላይ ብዙ ጊዜ ገዢዎችን የሚያደናግር አንድ ጉዳይ አለ። ተጠቃሚው ከሁለትና ከሦስት ድግግሞሾች አንዱን እየመረጠ የሚሠራበት መሣሪያ ባለ ብዙ ድግግሞሽ ማለት አይደለም፤ በማንኛውም ቅጽበት የሚልከው አንዱን ብቻ በመሆኑ ከባለ አንድ ድግግሞሽ ጎራ ይመደባል። በመሆኑም ሻጩን መጠየቅ የሚገባው መሣሪያው ስንት ድግግሞሽ አለው የሚለውን ብቻ ሳይሆን፣ ድግግሞሾቹን በአንድነት ይጠቀምባቸዋል ወይ የሚለውን ጭምር ነው።

የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ መሬት ባሕርይ

ሦስቱም ከተሞች በእሳተ ገሞራ አለቶች ላይ የተቆረቆሩ ናቸው። በእንጦጦና በወጨጫ ተራሮች ዙሪያ ያለው አለትና ከእርሱ የተገኘው ቀይ አፈር የብረት ማዕድን ያለበት በመሆኑ መሣሪያን ሊያሳስት ይችላል። አንዳንድ ጥቁር ድንጋዮች ራሳቸው ብረታ ብረት የመሰለ ድምፅ ያስጮኻሉ። በሱሉልታ ሜዳና ከሰበታ ወደ በቾ በሚወስደው ረባዳ መሬት የሚገኘው መረሬ አፈር ደግሞ በክረምት ውኃ ይዞ የሚቆይ ስለሆነ የመሣሪያውን መረጋጋት ይቀንሳል። በእነዚህ ሁኔታዎች ባለ ብዙ ድግግሞሽ መሣሪያ ግልጽ ብልጫ አለው።

በሌላ በኩል ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚሸከሙ መስመሮች በሰበታና በሱሉልታ አካባቢ ያልፋሉ። ባለ ብዙ ድግግሞሽ መሣሪያ ሰፊ የሞገድ ክልል ስለሚያዳምጥ ከመስመሮቹ የሚመጣውን ረብሻ አብሮ ሊቀበል ይችላል። በእንዲህ ያለ ስፍራ አንድ ድግግሞሽ መርጦ መሥራት አንዳንድ ጊዜ የተሻለ ጸጥታ ይሰጣል። በከተሞቹ መንደሮች ውስጥ ደግሞ ከግንባታ የተረፈ ምስማር፣ የቆርቆሮ ቁራጭ፣ ሽቦና ቆርኪ በብዛት ስለሚገኝ፣ ማንኛውንም ዓይነት መሣሪያ የያዘ ሰው ከሚቆፍራቸው ጉድጓዶች አብዛኞቹ ውዳቂ ብረት የሚወጣባቸው ይሆናሉ።

ሁለቱ ዓይነቶች በአጭሩ ሲነጻጸሩ

• በዋጋ፦ ባለ አንድ ድግግሞሽ ርካሽ ነው፤ ባለ ብዙ ድግግሞሽ በእጅጉ ይወደዳል።
• ማዕድን በበዛበት አፈር፦ ባለ ብዙ ድግግሞሽ የተረጋጋ ነው፤ ባለ አንድ ድግግሞሽ የሐሰት ድምፅ ያበዛል።
• ዕቃን ለይቶ በማሳወቅ፦ ባለ ብዙ ድግግሞሽ ጠለቅ ላሉ ዕቃዎች የተሻለ ነው፤ ሆኖም ሁለቱም ወርቅን ከሌሎች ብረቶች በእርግጠኝነት ለይተው አያውቁም። የወርቅ ቀለበትና የአሉሚኒየም ቁራጭ ተመሳሳይ ቁጥር ሊሰጡ ይችላሉ።
• በአጠቃቀም፦ ባለ አንድ ድግግሞሽ በቀላሉ ይለመዳል፤ ባለ ብዙ ድግግሞሽ ትዕግሥትና ልምምድ ይጠይቃል።
• ለውስን ሥራ፦ በግቢ ውስጥ የወደቀ ቀለበት ወይም ቁልፍ ለመፈለግ፣ ከመሰንጠቁ በፊት በግንድ ውስጥ ምስማር መኖሩን ለማረጋገጥ፣ በአፈር የተሸፈነ የውኃ ቧንቧ መክፈቻ ክዳን ለማግኘት ባለ አንድ ድግግሞሽ መሣሪያ በቂ ነው።

በእነዚህ ከተሞች ወርቅ ይገኛል ወይ?

የኢትዮጵያ የወርቅ ክምችት በዋናነት የሚገኘው እጅግ ጥንታዊ በሆኑ አለቶች ውስጥ ነው። በጉጂ የሚገኙት አዶላና ለገ ደንቢ፣ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ የምዕራብ ወለጋ፣ የጋምቤላና የትግራይ ወርቅ አምራች ስፍራዎች የዚህ ዓይነት አለት ያለባቸው ናቸው። በአዲስ አበባ ዙሪያ ግን የመሬቱ ገጽ የተሸፈነው ከእነዚያ አለቶች ብዙ ዘመን ዘግይቶ በመጣ የእሳተ ገሞራ አለት ነው። ስለዚህ በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ መሬት ላይ የተፈጥሮ ወርቅ አገኛለሁ ብሎ ውድ መሣሪያ መግዛት የሥነ ምድር መሠረት የለውም።

ጣሊያን ቀብሮት ሄደ ስለሚባል ወርቅ የሚነገረውን ወሬ ተከትለው ገንዘባቸውን የሚያወጡ ዜጎችም ከፍተኛ ጥንቃቄ ሊያደርጉ ይገባል። በተለይ ወርቅን ከመቶ ሜትሮች ርቀት ያሳያሉ ተብለው የሚሸጡ፣ በእጅ ተይዘው የሚዟዟር አንቴና ያላቸው መሣሪያዎች በሳይንስ የተረጋገጠ አሠራር የላቸውም። በዚሁ መልክ የተሠራና ፈንጂ ያገኛል ተብሎ ለተለያዩ አገሮች የተሸጠ ኤዲኢ 651 የተባለ መሣሪያ ምንም የማይሠራ ሆኖ በመገኘቱ፣ ሻጩ እ.ኤ.አ. በ2013 በእንግሊዝ ፍርድ ቤት 10 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል።

የሕግ ግዴታዎች

መሣሪያ በእጅ መያዝ የመቆፈር መብት አይሰጥም። በኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። በማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 መሠረት የማዕድን ሥራ የሚከናወነው በፈቃድ ነው፤ የባህላዊ ማዕድን ማምረት ፈቃድ የሚሰጠውም በክልሉ ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት ነው። ወርቅ በሚገኝባቸው አካባቢዎች በመሣሪያ ለመሥራት የሚፈልግ ዜጋ አስቀድሞ ወደዚያ ክልል መሥሪያ ቤት ሊቀርብ ይገባል።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ደግሞ ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግንና መቆፈርን ይከለክላል። በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ የማሳወቅና ዕቃውን ባለበት ሁኔታ ጠብቆ የማቆየት ግዴታ አለበት፤ ለሚያስረክብ ሰውም ተገቢው ሽልማት እንዲሰጠው አዋጁ ይደነግጋል። ጉዳዩን በፌዴራል ደረጃ የሚከታተለው የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ሲሆን፣ በየከተማው ለሚገኘው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማሳወቅም ይቻላል።

ይህ ግዴታ ለሰበታ ነዋሪዎች ከሌላው ይልቅ ቅርብ ነው። ከዓለም ገና ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ በአዋሽ ወንዝ ዳር የሚገኘው የመልካ ቁንጡሬ መካነ ቅርስ፣ ከባልጪት ጋር እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በስፍራው የሚገኙት ጥንታዊ የድንጋይ መሣሪያዎችና ቅሪተ አካላት ናቸው፤ እነዚህን ደግሞ የብረት መፈለጊያ አያሳያቸውም። አንድ ሰው ምስማር ለማውጣት የቆፈረው ጉድጓድ ከምስማሩ በላይ ያለውን፣ መሣሪያው ያልጮኸለትን ቅርስ ሊያጠፋ ይችላል። ተመራማሪዎች ስለ አንድ ቅርስ ዘመን የሚያውቁት ከተገኘበት የአፈር ንብርብር ስለሆነ፣ ከቦታው የተነሣ ዕቃ የሚናገረው ታሪክ አብሮት ይጠፋል።

ለሕይወት የሚያሰጋ አደጋ

በአገራችን በተለያዩ ዘመናት በተካሄዱ ጦርነቶች የቀሩ ያልፈነዱ ተተኳሾችና ፈንጂዎች ዛሬም በመሬት ውስጥ ይገኛሉ። መሣሪያው ቦምብን ከቆርቆሮ ለይቶ አይናገርም። ሲቆፈር ቅርጹ ክብ፣ ሲሊንደር ወይም ክንፍ ያለው፣ የዛገ ከባድ ብረት ከታየ መንካት፣ ማንቀሳቀስ ወይም ማንኳኳት አይገባም። መቆፈሩን አቁሞ፣ በመጡበት መንገድ ተመልሶ፣ ሌሎች ሰዎችና ሕፃናት እንዳይቀርቡ አድርጎ በአቅራቢያ ላለ ፖሊስ ማሳወቅ ያስፈልጋል። እንዲሁም የኤሌክትሪክ ገመድ ወይም የውኃ መስመር ሊኖርበት በሚችል የመንገድ ዳር መቆፈር ለራስም ለሕዝብ አገልግሎትም አደጋ ነው።

ከመግዛት በፊት ሊረጋገጡ የሚገባቸው ነጥቦች

1. መሣሪያው የሚፈለግበት ዓላማ በግልጽ ይለይ። በራስ ግቢ ውስጥ ለሚደረግ ፍለጋ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም።
2. ከውጭ አገር የሚታዘዝ ከሆነ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ለማስገባት ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ፣ ቀረጡና ታክሱም ምን ያህል እንደሆነ ከጉምሩክ ኮሚሽን ይጠየቅ።
3. መሣሪያው ከመገዛቱ በፊት በአካባቢው አፈር ላይ ይሞከር። አንድ ሳንቲም 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ቀብሮ መሞከር ከማስታወቂያ ይልቅ እውነቱን ያሳያል።
4. ደረሰኝ፣ ዋስትና እና የመለዋወጫ አቅርቦት መኖሩ ይረጋገጥ።
5. ከራስ ይዞታ ውጭ ለሚደረግ ፍለጋ የባለይዞታው ስምምነትና የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ፈቃድ በቅድሚያ ይገኝ። በአብያተ ክርስቲያናት፣ በመስጊዶች፣ በመቃብር ስፍራዎችና በተከለሉ ደኖች ውስጥ መፈለግና መቆፈር አይገባም።

በአጠቃላይ፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የአፈር ሁኔታ ባለ ብዙ ድግግሞሽ መሣሪያ በአሠራሩ የተሻለ ቢሆንም፣ ለአብዛኛው ነዋሪ የዕለት ፍላጎት ባለ አንድ ድግግሞሽ መሣሪያ በቂ ነው። በአካባቢው የተፈጥሮ ወርቅ ስለማይጠበቅ የመሣሪያው ውድነት የገዢውን ገቢ አያሳድግም። ስለ ማዕድን ፈቃድ ተጨማሪ መረጃ የሚፈልጉ ተገልጋዮች በክልሉ ወደሚገኘው የማዕድን ዘርፍ ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት፣ ስለ ቅርስ ደግሞ በሚኖሩበት ከተማ ወዳለው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በመቅረብ አገልግሎቱን ማግኘት ይችላሉ።