የካክተስ ችግር ሌሊቱ ነው

«ካክተስ የበረሃ ተክል ስለሆነ ለሸዋሮቢት ሙቀት የተፈጠረ ነው፤ ተክሎ መርሳት ብቻ ነው» የሚለው ወሬ በአበባ መሸጫዎች ሳይቀር እንደ እውነት ይነገራል። ስህተት ነው፤ መታረም አለበት። መሠረቱን በአጭሩ እንለፈው፦ ድንቡልቡሎቹና አበባማዎቹ ማሚላሪያ፣ ሬቡሺያና ጂምኖካሊሲየም የአሜሪካ አህጉር ተወላጆች ናቸው። በይፋት ገደላገደል የምናየው ቁልቋል ከሌላ ቤተሰብ ነው። የካክተስ እሾህ ሁልጊዜ ከትንሽ ጸጉራም ጉብታ ላይ ይበቅላል፤ በቁልቋል ላይ ይህ ጉብታ የለም።

ወሬው የሚስተው ዋና ነገር ይህ ነው። አብዛኞቹ ተክሎች ደቃቅ የአየር ቀዳዳዎቻቸውን ቀን ከፍተው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስገባሉ፤ በዚያው ቀዳዳ ውሃቸው ይተናል። ካክተስ ግን ቀኑን ዘግቶ ይውልና ሲመሽ ይከፍታል። ሌሊት የገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማሊክ አሲድ ሆኖ በህዋሶቹ ይጠራቀማል፤ ሲነጋ ከጎተራ እንደሚወጣ እህል ጥቂት በጥቂት ወጥቶ በፀሐይ ብርሃን ስኳር ይሆናል። ስልቱ የእንዳሁላ ቤተሰብም ነው፤ በሳይንስ የሚጠራውም በዚያ ቤተሰብ ስም ነው። በህንድ ይሠራ የነበረው ቤንጃሚን ሃይን እ.ኤ.አ. በ1815 በታተመ ደብዳቤው የእንዳሁላ ዘመድ የሆነ ተክል ቅጠል ጠዋት ሲቀመስ እንደሚኮመጥጥ፣ ወደ እኩለ ቀን ኮምጣጣነቱ እንደሚቀንስ ጽፏል። እንግዲህ አየር የሚገባው በሌሊት ከሆነ ወሳኙም የሌሊቱ ሙቀት ነው። ሌሊቱ ሲሞቅ አየሩ ከተክሉ ብዙ ውሃ ይስባል፤ የተክሉ አተነፋፈስ ጨምሮ ስንቁን ይበላል፤ የሚጠራቀመውም አሲድ ያንሳል። ቀዳዳዎቹ ሌሊትም ከተዘጉ ተክሉ ራሱ ያወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ መልሶ እየተጠቀመ ይቆያል፤ አይሞትም፣ ግን አያድግም። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስትሆን ሸዋሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጣርማ በርን የወረደ ሰው ልዩነቱን ሌሊት ያውቀዋል።

«ታዲያ በለስ እንዴት ያፈራል?» የሚል ይኖራል። በለስ እውነተኛ ካክተስ ነው፤ በትግራይ በብዛት የሚገኘው ግን ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት ከፍታ ነው። እርግጥ የሌሊት ሙቀት ልኬቶች በብዛት የተሠሩት በበለስና በአጋቬ ዘመዶች ላይ ስለሆነ ለእያንዳንዱ ድንቡልቡል ዝርያ አንድ ቁጥር መስጠት አይቻልም። የካሪቢያን ዳርቻ ተወላጅ የሆነው ሜሎካክተስ የሞቀ ሌሊት ይችላል፤ የአንዲስ ተራሮቿ ሬቡሺያ ግን ቀዝቃዛና ደረቅ ዕረፍት ካላገኘች በደንብ አታብብም።

ስለዚህ በይፋት ቆላ ካክተስን ማጠጣት የሚሻለው ሌሊቱ ቀዝቀዝ በሚልበት ከጥቅምት እስከ ጥር ነው፤ ያም አፈሩ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ብቻ። በግንቦትና በሰኔ ወበቅ ውሃው ይቀንስ፤ በክረምት ከዝናብ ይጠለል። ዋልካ አፈር ውሃ ይዞ ሥሩን ያበሰብሳል፤ ሁለት እጅ ጠጠራማ የወንዝ አሸዋ ከአንድ እጅ ብስባሽ ጋር ይደባለቅ። ለማራባት ከእናቲቱ ጎን የወጣውን ልጅ በንጹሕ ቢላ ቆርጦ፣ ቁስሉ ቅርፊት እስኪይዝ አንድ ሳምንት ያህል በጥላ አቆይቶ መትከል ነው፤ ለዚህም ጥቅምት ይመረጣል። ቀይና ቢጫ ራስ ያላቸው በሌላ ካክተስ ላይ የተዳቀሉት ግን አረንጓዴው ክሎሮፊል ስለሌላቸው ምግባቸውን መሥራት አይችሉም። የእነሱ ልጅ ተነጥሎ አፈር ላይ ከተተከለ ይሞታል፤ ሻጩ ይበቅላል ቢላችሁ አትመኑት።